የተጎዳ ሰው ፊታችሁ ሲቆም፦ ለጎንደር ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጁና ከቴክኒክና ሙያ ተቋማቱ ተመርቃችሁ ሥራ የምትጀምሩ ብዙ ናችሁ። አንዳችሁ ጤና ጣቢያ፣ ሌላችሁ ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ ሆቴል ወይም ቀበሌ ትገባላችሁ። እኔ በዚህ ከተማ ዕድሜዬን በሥነ አእምሮ ነርስነት ያሳለፍኩ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የሥነ ልቦና ጉዳትን ያገናዘበ አሠራር የሚባለውን ሥልጠና ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች እሰጣለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ጥሪው በዝቷል። አዳራሹ ይሞላል፣ ደብተሩና እስክሪብቶው ይታደላል፣ ሰርተፍኬቱ ይሰጣል፤ ሰኞ ጠዋት ግን የካርድ ክፍሉ መስኮት እንደነበረው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ከምላችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ፊታችሁ የቆመው ሰው ምን እንደደረሰበት ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ሳታውቁም እንዳትጎዱት አድርጋችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በሙያችን ደም ከመንካታችን በፊት ጓንት እናጠልቃለን። በሽተኛውን ጠርጥረነው አይደለም፤ ማን ምን እንዳለበት ስለማናውቅ ለሁሉም እኩል እናደርገዋለን። ይህም አሠራር እንደዚያው ነው። ሠልጣኞች ግን ደጋግመው የሚጠይቁኝ “ሲስተር፣ እንዴት አድርገን እናናግራቸው? እንዴት እንዲያወጡት እናድርግ?” እያሉ ነው። ልባቸው ቅን ነው። ጥያቄው ግን ሥራውን ከተሳሳተ ጫፍ ይጀምረዋል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ለምትፈልጉ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና የተደፈሩ ሴቶች ጉዳይ ገፋፍቶት። እ.ኤ.አ. በ1998 ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከ17,000 በላይ ጎልማሶች የተካተቱበትን ጥናታቸውን ማሳተም ጀመሩ፤ በልጅነት የደረሰ በደልና መከራ ከብዙ ዓመት በኋላ ከልብ ሕመም፣ ከሱስና ከድባቴ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ማክሲን ሃሪስና ሮጀር ፋሎት “ሕክምናው ብቻውን አይበቃም፤ የአገልግሎት ተቋሙ ራሱ፣ ከበሩ ጀምሮ፣ በዚህ ዕውቀት መቃኘት አለበት” የሚለውን ሐሳብ አደራጅተው አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤናና የሱስ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሐሳቡን በአራት ነገር አሰረው፦ ጉዳቱ ምን ያህል እንደተስፋፋ መገንዘብ፣ ምልክቱን ማየት፣ አሠራርን በዚያ ልክ ማስተካከልና ዳግም ጉዳት አለማድረስ። እኔ የመጨረሻዋን ከሁሉም አስበልጣታለሁ።

የውጭ ሐሳብ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የእናንተ ዩኒቨርሲቲ መነሻው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው፤ በደምቢያ ቆላ ድባ ብዙ ሰው ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ተቋቋመ። ያን ጊዜ የሚሠለጥኑት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠሩ ይወጡ ነበር። የታመመን ማከም ብቻ ሳይሆን ሰው ሳይታመም መድረስ የዚያ ትውልድ ሙያ ነበር። እኔም ሙያውን የተማርኩት በእነዚያ ሰዎች እጅ ነው። ጉዳትን ያገናዘበ አሠራርንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው፤ የመከላከል ሥራ ነው።

አካባቢያችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጦርነቱ የተጀመረው በጥቅምት 2013 ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ቢፈረምም ከዚያ ወዲህ ክልሉ ከተኩስ አላረፈም። ዳባት አጠገብ በዓለምዋጭ መጠለያ የኤርትራ ስደተኞች አሉ፤ በመተማ በኩል የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ገብተዋል፤ ከቤታቸው ተፈናቅለው ከዘመድ ዘንድ የተጠጉትን ማንም አይቆጥራቸውም። የቀይ ሽብርን ሌሊት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም አሁንም ጡረታቸውን ለመቀበል ባንክ ይሰለፋሉ። ጦርነቱን ብቻ አትመልከቱ፤ በመኪና አደጋ ልጇን ያጣች፣ በገዛ ቤቷ የምትደበደብ፣ በልጅነቱ የተደፈረ ሰው በየመስኮታችሁ ይመጣል፤ ግንባሩ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል ከድባቴ፣ ከጭንቀት ወይም ከሌላ የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖራል። ከአምስቱ አራቱ ማለት ነው እንዲህ ያለ ሕመም የሌለባቸው፤ ይህንንም አትርሱ። መከራ ያየ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ጊዜና ሰው ካገኘ ይጠገናል። ሐዘንተኛን ሁሉ ሕመምተኛ የሚያደርግ ባለሙያም ይጎዳል።

አሁን ወደ ሰውነታችን ልመልሳችሁ፤ ይህን ካልተረዳችሁ የቀረው ሁሉ ሥነ ሥርዓት ብቻ ይሆንባችኋል። አደጋ ሲመጣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ማሰቢያው ክፍል ገና ሳያገናዝብ ማንቂያውን ይሰጣል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሰውየው ይታገላል፣ ይሸሻል፣ ወይም ክው ብሎ ይቀራል። ክው ብሎ የቀረ ሰው በኋላ “ለምን አልጮህሽም? ለምን አልሮጥክም?” ሲባል መልስ የለውም፤ ምክንያቱም አልመረጠውም። የዚያን ሰዓት ትዝታም ብዙ ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ ሆኖ አይቀመጥም። የተቃጠለ ነገር ሽታ፣ የአንድ ሰው ጫማ፣ የበር ድምፅ ፍንትው ብሎ ይቀራል፤ ቀኑና ሰዓቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ማንቂያው በትንሹም በትልቁም ይነሳል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የሰርግ ተኩስ፣ የጄኔሬተር መነሳት፣ መለዮ የለበሰ ሰው፣ ማታ የተንኳኳ የግቢ በር ሰውየውን ወደዚያ ቀን ይወስደዋል።

ይህ በሥራችሁ ምን መስሎ ይመጣል? ንቀት መስሎ ይመጣል። ስትጠሩት አይሰማም። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ትጠይቁታላችሁ። ቀጠሮ ያሳልፋል። ትናንት “ማክሰኞ ነው” ያለውን ዛሬ “ሐሙስ ነው” ይላል። የሚያስለቅስ ነገር እየነገራችሁ ፈገግ ይላል። ትንሽ ስትነኩት ይቆጣል። ሕግ ያጠናችሁ ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። የተዘበራረቀ ቃል ሁሉ ሐሰተኛ ቃል አይደለም። ቀኑን ስለሳተች ብቻ አቤቱታዋ የተጣለባት ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ነው የተጎዳችው፤ ሁለተኛውን ጉዳት ደግሞ ያደረሰው ሊረዳት የተቀመጠው ሰው ነው። በቅደም ተከተል አስገድዶ ከማስነገር ይልቅ “የምታስታውሺውን ከየትም ጀምሪልኝ፤ ቅደም ተከተሉን በኋላ አብረን እናስተካክለዋለን” ማለት ይሻላል። ለመርማሪውም ይጠቅመዋል፤ የተረጋጋ ሰው የበለጠ ያስታውሳል።

አንድ ያየሁትን ላሳያችሁ። የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም። ጠዋት ነው፤ ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ መንገድ ወጥቷል። አንዲት ከአርባ ዓመት የማትዘል እናት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና፣ ፍተሻው ጋ ደረሰች። ጥበቃው ወንድ ነው። ምንም ሳይላት ነጠላዋን ገለጥ አድርጎ እጁን ወገቧ ላይ ሲያሳርፍ ወደ ኋላ ሸሸች። “ምን ደብቀሽ ነው?” አላት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አለፈች። ካርድ ክፍል ስትደርስ መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ የውስጡ ጸሐፊ በመስታወቱ ስለማይሰማ ይጮሃል። “ስም? ዕድሜ? ከየት ነሽ? ተፈናቃይ ነሽ?” ኋላዋ ያለው ሰው ከትከሻዋ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። “ባል አለሽ?” “የለኝም።” “ሞቶ ነው ወይስ ተፋታችሁ?” ዝም አለች። “እታለም፣ ሰው እየጠበቀ ነው!” አላት። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ከሰልፉ ወጥታ፣ በመጣችበት በር ተመለሰች። ካርዷ በግማሽ ተሞልቶ ቀረ፤ መዝገቡ ላይ “ጠፍታለች” ተብሎ ተጻፈ። የመጣችው ራስ ምታት አላስተኛ ብሏት ነበር።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥበቃው በዚህ ዘመን በር ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ፈርቷል። ጸሐፊው ሰልፉ እያስጨነቀው ነው። ሁለቱም አንድም ቀን ሥልጠና ላይ ተጠርተው አያውቁም፤ የተጠሩት ሐኪሞቹና ነርሶቹ ናቸው። ሴትየዋ ግን ሐኪሙ ጋ ሳትደርስ ነው የተመለሰችው።

ያ ተቋም በኋላ ያደረገው ነገር ብዙ በጀት አልጠየቀም። ለሴቶች ሴት ፈታሽ መደበ፤ በመጋረጃ ከለለ። ፈታሿ እጇን ከማሳረፏ በፊት “እማማ፣ ቦርሳዎትን ልየው፤ ከዚያ ወገብዎትን ከላይ ከላይ ዳሰስ አደርጋለሁ፤ ይሁን?” ትላለች። ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ መሬቱ ላይ መስመር ተሰመረ፤ ቀጣዩ ሰው ከዚያ ወዲያ ይቆማል። ከካርዱ ጥያቄዎች ውስጥ በመስኮት መጠየቅ የሌለባቸው ተለይተው ወደ ምርመራ ክፍሉ ሄዱ፤ እዚያም “ይህን የምጠይቅሽ ለመድኃኒቱ ስለሚያስፈልገኝ ነው፤ ካልፈለግሽ ልታልፊው ትችያለሽ” ተብሎ ምክንያቱ ይነገራል። ወዲያው የመጣው ለውጥ ጩኸቱ መቀነሱ ነበር። ጸሐፊውም ከማንም በላይ ደስ አለው፤ ሰው መጮህ የሚወድ አይምሰላችሁ።

ሐኪምና ነርስ የምትሆኑ ልጆቼ፣ ከመንካታችሁ በፊት ተናገሩ። “አባባ፣ አሁን ሆድዎን ልነካ ነው። ላቁም ካሉ እጅዎን ብቻ ያንሱ” በሉ፤ እጁን ሲያነሳም በእውነት አቁሙ። በሩን ከኋላችሁ ስትዘጉ አስፈቅዱ። በማዋለጃ ክፍል ይህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ምጥ የያዛትን ሴት እግሯን ይዛችሁ “ዝም በይ!” ስትሏት ማን ከዚህ በፊት እግሯን ይዞ “ዝም በይ!” እንዳላት አታውቁም። መምህራን፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚቀመጠውን ልጅ አስቡልኝ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። “ፊት ና፣ አንተ ሰነፍ!” ብላችሁ ክንዱን ይዛችሁ ስትጎትቱት መማሩ በዚያው ቀን ያበቃል። እዚያው ይቀመጥ። ደወል ከመደወሉ በፊት፣ ፈተና ከመስጠታችሁ በፊት፣ እንግዳ ሰው ክፍል ከመግባቱ በፊት ንገሩት። ልጅ ነገ ምን እንደሚመጣ ሲያውቅ ትከሻው ይወርዳል። አለንጋና ዱላው ደግሞ ይቅር፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

በደግነት የሚደረጉ ጎጂ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው “ተናገር፣ ይቅለልህ” ነው። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው ቁጭ አድርጎ ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ ማስወጣት በአንድ ወቅት በዓለም ሁሉ የተስፋፋ ነበር። በጥናት ሲፈተን ሕመሙን እንደማይከላከል ታወቀ፤ አንዳንዱን እንዲያውም እንደሚያባብስበት ተጠርጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ሁለተኛው ዲያዜፓም ነው። ለሐዘንተኛ ሁሉ “ይተኛ” ተብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ማደል በየቤቱ አለ፤ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤው ምልክት እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ የዚሁ ድርጅት መመሪያ በግልጽ ይናገራል። ሦስተኛው ምላሳችን ላይ ያለው ነው፦ “ከአንተ የባሰ አለ”፣ “ወንድ ልጅ አያለቅስም”፣ “እርሺው በቃ”። የምንለው ለማጽናናት ነው፤ ሰሚው ጋ የሚደርሰው ግን “ዝም በል” ሆኖ ነው።

በምትኩ ምን? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ደኅንነቱንና የቸገረውን ተመልከት፤ ሊናገር ከፈለገ አዳምጥ፤ ምግብ፣ ዘመድ፣ ሕክምና፣ ሕግ ካስፈለገው ወደዚያ አገናኝ። ወገኖቼ ይህን ድሮም ያውቁታል። በደህና ለቅሶ ላይ ሐዘንተኛውን ማንም አይመረምረውም። ሰው ይገባል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ንፍሮው ይዞራል፣ ዕድሩ ውሃውንና ወንበሩን ያቀርባል፤ ሐዘንተኛው ሲፈልግ ያወራል፣ ሲፈልግ ያለቅሳል፣ ሲፈልግ ዝም ይላል። ከሰልስቱ በኋላም ሰው ይመላለሳል። ጦርነቱ ለብዙዎች የነጠቃቸው ይህን ነው፤ ያልተቀበረ ሬሳ አለ፣ ድንኳን ያልተጣለለት ሐዘን አለ። ስለዚህ ከዓመት በኋላ መጥታ ቢሮአችሁ ውስጥ የምታለቅስ ሴት ብታጋጥማችሁ አትገረሙ፤ ለቅሶዋ ገና አልተለቀሰላትም። ጠበል የሚሄደውንም፣ ሼኩ ጋ የሚሄደውንም አትከልክሉት፣ አታሾፉበት፤ “መድኃኒቱንም አብረህ ትወስዳለህ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት። የእምነት አባቶቹን ጠላት ያደረገ ባለሙያ በዚህ አገር በሽተኛውን ያጣል።

ሁለተኛው ትልቁ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። ከመስኮቱ ወዲህ ያላችሁት እናንተም በዚያው ጦርነት ውስጥ ያደጋችሁ ናችሁ። አብራችሁ የምትሠራው ልጅ ወንድሟ የት እንደደረሰ አታውቅ ይሆናል። አለቃው በሰው ፊት የሚያዋርደው ሠራተኛ ደንበኛን እንዲያከብር መጠበቅ ከንቱ ነው። ስለዚህ ኃላፊ ስትሆኑ፣ ትሆናላችሁም፣ እነዚህን ነገሮች አስቡ።

ስልክ ደውላችሁ “ነገ ጠዋት ቢሮዬ ና” ብላችሁ አትዝጉ። ያ ሰው ሌሊቱን አይተኛም። “ስለ ወር ሪፖርቱ ነው፤ ችግር የለም” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። የዝውውርና የሰዓት ለውጥን ዓርብ ማታ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትለጥፉ። ማታ ስድስት ሰዓት ፈረቃ ጨርሳ ማራኪ ወደሚገኘው ቤቷ በእግሯ የምትሄድ ልጅ ካለች፣ የሥነ ልቦና ሥልጠና ከመስጠታችሁ በፊት መኪና ፈልጉላት፤ ደኅንነት ከወሬ ይቀድማል። ግምገማውን ደግሞ በተለይ እላችኋለሁ። ሰውን በስብሰባ መሃል አስነስቶ ስህተቱን መዘርዘር በየመሥሪያ ቤቱ የለመድነው ነገር ነው። በዚህ መንገድ የተሻሻለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም፤ ዝም ማለትን የተማረ ግን ብዙ አይቻለሁ፤ ዝም ያለ ነርስ ደግሞ የመድኃኒት ስህተት ሲያይም ዝም ይላል። ስህተቱን ለብቻው፣ በር ዘግታችሁ፣ ከምሽቱ ሳይሆን ከጠዋቱ ንገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ላይ ባወጣው መመሪያ ለኃላፊዎች ሥልጠና እንዲሰጥና ተቋሙ ራሱ የሥራ ጫናውንና ሁኔታውን እንዲያስተካክል የመከረው ያለ ነገር አይደለም። ሠራተኛውን “ጭንቀትህን ተቆጣጠር” ብሎ አሠልጥኖ የሚያስጨንቀውን አሠራር እንዳለ መተው ሰውየውን በገዛ ሕመሙ ጥፋተኛ ማድረግ ነው።

የሌላውን መከራ እየሰማ የሚውል ሰውም ይጎዳል። ማክካንና ፐርልማን የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን በጽሑፍ አስቀመጡት፤ ቻርልስ ፊግሊም እ.ኤ.አ. በ1995 አስፋው። ምልክቱን ከአሁኑ እወቁት፦ የሌላ ሰው ቅዠት በእናንተ እንቅልፍ ይመጣል። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ልባችሁ ይወርዳል። ወይም ደግሞ ምንም አይሰማችሁም፤ ታሪኩን እየሰማችሁ ስለ ምሳ ታስባላችሁ። ይህ ድክመት አይደለም፤ የሥራው ጉዳት ነው፤ ኤክስሬይ ክፍል የሚሠራ ሰው ከጨረር እንደሚከለል እኛም መከለያ ያስፈልገናል። ከባዱን ጉዳይ ለአንድ ሰው ብቻ አታሸክሙ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የባለጉዳዮቹን ስም ሳትጠሩ፣ የከበዳችሁን የምትነጋገሩበት ሰዓት ይኑራችሁ፤ የምትነጋገሩትም ስለ ሥራው ይሁን፣ ስለ እናንተ ቁስል እንዲናገር ማንም አይገደድ። ባሰ ጊዜ ደግሞ ለራሳችሁም ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። እኔ ሄጃለሁ።

ለሥልጠና ስትጋበዙ ወይም አንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጁ ስትባሉ ምን ትጠይቁ? መጀመሪያ እነማን እንደተጠሩ። ጥበቃው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሾፌሩ፣ የካርድ ክፍል ጸሐፊው ከሌሉበት ጎዶሎ ነው። አለቆቹም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ንግግር ከፍተው የሚወጡ ከሆነ ጎዶሎ ነው። ሁለተኛ፣ አሠልጣኙ ምን እንደሚያሳይ። የሬሳና የደም ቪዲዮ አሳይቶ አዳራሹን የሚያስለቅስ አሠልጣኝ አጋጥሞኛል፤ ሁለት ሴቶች ተያይዘው ወጡ። ሠልጣኞችን ክብ አስቀምጦ “የደረሰባችሁን አካፍሉን” የሚልም አለ። ጉዳትን ስለማገናዘብ እያስተማረ ሰው የሚጎዳ ሥልጠና ምን ይባላል? ጥሩ አሠልጣኝ ሲጀምር “ዛሬ የምናነሳው ከባድ ነው፤ መውጣት የፈለገ ይውጣ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅም” ይላል፤ በሩንም ክፍት ይተወዋል። ምሳሌውን ከሠልጣኞቹ ሥራ ያወጣል እንጂ ከቁስላቸው አያወጣም። ሦስተኛ፣ ከሥልጠናው በኋላ ምን ሊለወጥ ነው? አበሉ ተከፍሎ፣ ፎቶው ተነሥቶ የሚያልቅ ከሆነ ያ ገንዘብ ለመጋረጃ ቢውል ይሻል ነበር። እኔ ሥልጠና ከመስጠቴ በፊት ከኃላፊዎቹ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚቀይሩትን አንድ ቅጽ፣ አንድ በር ወይም አንድ መስመር ይምረጡ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መጥቼ አየዋለሁ።

አቅማችሁንም እወቁ። ይህ ሥልጠና ሐኪም አያደርጋችሁም። ሰውየው እንቅልፍ ካጣ ሳምንታት ካለፉት፣ የሆነውን እንደ አዲስ እያየ ከጮኸ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ከሁሉም በላይ ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ፣ ብቻችሁን አትያዙት። “ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ ክፍል አብራችሁት ሂዱ። ምስጢር እንደምትጠብቁ ስትነግሩት የማትጠብቁትንም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሕይወቱ ወይም የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ለሌላ ሰው እንደምትናገሩ ይወቅ። ከተናገረ በኋላ የሰማው ገደብ እምነቱን ያፈርሰዋል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ትሉኛላችሁ። አዎን፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። አለቃችሁም “ሰልፉን አስረዘምክብኝ” ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ ሥራ በምትጀምሩበት ሳምንት፣ ወንበራችሁን ከመያዛችሁ በፊት፣ ኃላፊያችሁን አስፈቅዳችሁ ግማሽ ቀን ካርድ ክፍሉ ወይም እንግዳ መቀበያው ጸሐፊ አጠገብ ተቀመጡ። ስም አትጻፉ፤ ስንት ሰው ጥያቄው ሳይገባው እንደተመለሰ፣ ስንቱ ሁለት ጊዜ ያንኑ እንደተጠየቀ፣ ስንቱ ከሰልፉ ወጥቶ እንደሄደ ብቻ አስፍሩ። ጸሐፊውንም “አንተ ብትሆን የትኛውን ጥያቄ ታወጣዋለህ?” በሉት፤ እሱ ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ያውቃል። ያንን ወረቀት ከእሱ ጋር ሆናችሁ ለኃላፊያችሁ ስጡት፤ የጠፋው ጊዜ የት እንደጠፋ በራሱ ዓይን ይየው።